በሁለት ሃይላንድና በአንድ ማስመሪያ የጣናን ተፋሰስ መፈተሽ

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ባለው ፎገራ ወረዳ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ነኝ። መሬቱ ሲቀየር ሐይቁ ምን እንደሚሆን በደንብ የገባኝ በሁለት ባዶ ሃይላንድ ነው። እናንተም ቀበሌያችሁ ውስጥ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ጀምሩ። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል አንዱን ሃይላንድ ቁጥቋጦ ወይም የቤተ ክርስቲያን ደን ካለበት ተዳፋት ከሚወርድ ጅረት፣ ሌላውን እስከ አናቱ ከታረሰው ተዳፋት ከሚመጣው ሙሉ። አፉን ወደ ላይ፣ ውኃው ወደሚመጣበት አዙሩ፤ ከወለሉም ከፍ አድርጉት። እኔ መጀመሪያ ቀን ወለሉን አስነክቼ፣ ጭቃውን ራሴ አደፍርሼ ሞላሁና ሳምንት ሙሉ የተሳሳተ ወሬ ስነዛ ከረምኩ። ሁለቱንም ሳትነቀንቁ አሳድሩ። ሲነጋ ሥሩ የተኛውን ደለል በማስመሪያ ለኩ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። እስከ መስከረም በየሳምንቱ ድገሙት። ክረምቱ ሲገባ ማሳው ታርሶ ራቁቱን ስለሆነ ደለሉ ይበዛል፤ ሰብሉ አፈሩን ሲሸፍነው ይቀንሳል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ብቻ የለካ ሰው ችግር የለም ብሎ ይመለሳል።

ያ ደለል በጉማራና በርብ ወንዞች አድርጎ ጣና ይገባል። ጣና ደግሞ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አያልፍም። ከላቢዮባርበስ ዓሦች ብዙዎቹ ከጣና ሌላ የትም የሉም፤ አንዳንዶቹ በክረምት ወደ ወንዞቹ ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ላይ ነው እንቁላል የሚጥሉት። ጠጠሩን ደለል ካለበሰው እንቁላሉ ይታፈናል። ከአፈሩ ጋር የሚታጠበው ማዳበሪያም እምቦጭን ይቀልባል።

ቀጥሎ ጉግል ኧርዝን ክፈቱ። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የሳተላይት ምስል በየዓመቱ እያገላበጠ ያሳያችኋል። ሁለት ወጥመድ አለው። ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ረግረግ ይመስላል፤ ባሕር ዛፍም ደን ይመስላል። "ደናችን ጨመረ" ብዬ ሪፖርት ከጻፍኩ በኋላ በእግሬ ብሄድ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ሣር የለ፣ ቁጥቋጦ የለ፣ አፈሩ በጎርፍ ተቦርቡሯል። ስለዚህ ምስሉን ይዛችሁ በእግር ሂዱ።

በመጨረሻ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። "የሥነ ምህዳር አገልግሎት" (ተፈጥሮ ለሰው የምትሰጠው ጥቅም ማለት ነው) ብትሏቸው በትሕትና አንገታቸውን ይነቀንቁላችኋል እንጂ አይመልሱም። "አባቴ፣ ለታንኳ የሚሆን ደንገል ድሮ ከየት ያጭዱ ነበር? አሁንስ?" በሏቸው። አንድ አባት ለዚህ መልስ ሲሉ ግማሽ ቀን የሐይቁን ዳር አዙረውኛል፤ ደንገል የነበረበትን አሁን ባሕር ሸሽ እርሻ (የሐይቁ ውኃ ሲሸሽ የሚታረስ መሬት) የያዘውን ቦታ በዘንጋቸው እየጠቆሙ። ምንጮችንም እንዲሁ ጠይቁ፦ እስከ ስንት ወር ይፈስ ነበር?

የተገኘውንም አትደብቁ። ሩዝ ፎገራን ከረሃብ አውጥቷል፤ ባሕር ዛፍ የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ ይሸፍናል። ደብተራችሁ ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩ፤ የተገኘውን ከነተጠቃሚው፣ የታጣውን ከነተጎጂው ጻፉ። ተጠቃሚው የላይኛው ገበሬ፣ ተጎጂው የታችኛው ዓሣ አስጋሪ ሆነው ካገኛችኋቸው ስብሰባውን ለሁለቱም አንድ ላይ ጥሩ፤ ሃይላንዶቹንም ይዛችሁ ግቡ።