መብራት ሲሄድ የሚያጥለቀልቅ ሳምፕ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ቤት የተሠሩ የአኳሪየም ሳምፖችን፣ ማለትም ከዓሣ ገንዳው ሥር ተቀምጠው ውሃውን የሚያጣሩትን ገንዳዎች፣ ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። ከሚጠሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «ማታ መብራት ሄዶ ነበር፤ ጠዋት ስንነሳ ቤቱ ውሃ ሆኗል።» ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። ስፖንጁ ታጥቧል፣ ፓምፑ ይሠራል፣ ሲሊኮኑ ደርቋል ብዬ ነው የምነሳው።

ምልክት፦ መብራት ሲሄድ ሳምፑ ሞልቶ ይፈሳል

ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ስንጥቅ ነው። ሲሊኮን ገዝተው ማዕዘኑን ሁሉ ሲቀቡ የደረስኩባቸው አሉ። ስንጥቅ ቢሆን ኖሮ መብራት እያለም ይፈስ ነበር። ጥፋቱ ያለው መመለሻው ቱቦ ላይ ነው። ፓምፑ ውሃ ወደ ላይ የሚገፋበት ቱቦ፣ ፓምፑ ሲቆም ያንኑ ውሃ ወደ ታች ይስባል፤ ከበርሜል በጎማ ስበን እንደምናወርደው ማለት ነው። አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስ አያቆምም።

ሂሳቡን እንየው። የላይኛው ገንዳ 100 በ40 ሳ.ሜ. ከሆነ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ውሃ 4 ሊትር ነው። ሆጤ አካባቢ አንድ አባት ቤት የቱቦው አፍ 18 ሳ.ሜ. ጠልቆ ነበር፤ ሠሪው «ድምፅ እንዳያሰማ» ብሎ ነው። 18 ጊዜ 4፣ 72 ሊትር። ሳምፑ ውስጥ የቀረው ባዶ ቦታ 20 ሊትር አይሞላም። የቀረው በሙሉ ስጋጃው ላይ ወረደ። «ልጄ፣ ዓሣውንም ገንዳውንም ውሰድልኝ» አሉኝ። አልወሰድኩም። ቱቦውን ቆርጬ አፉን ከውሃው ገጽ 2 ሳ.ሜ. ብቻ ዝቅ እንዲል አደረግኩት። አሁን መብራት ሲሄድ የሚወርደው 8 ሊትርና በመውረጃው ቱቦ (ውሃውን ከላይኛው ገንዳ ወደ ሳምፑ በሚያወርደው) ውስጥ የነበረው ጥቂት ውሃ ብቻ ነው።

መፍትሄው ይኸው ነው፦ የመመለሻውን አፍ ወደ ላይ አምጡት። ከዚያ ከገጹ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቱቦው ላይ 5 ሚ.ሜ. ያህል ቀዳዳ ብሱ፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ አየር ይገባና መሳቡ ይቋረጣል። ቀዳዳው ግን አረንጓዴ ሽበት (አልጌ) ይይዘዋል፤ ቀንድ አውጣም ይገባበታል። በየሳምንቱ በጥርስ መጎርጎሪያ ክፈቱት። በቀዳዳው ብቻ ተማምናችሁ አፉን ጠልቆ አትተዉት።

ቼክ ቫልቭ (ውሃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መዝጊያ) ገዝቶ የሚመጣ ደንበኛ ብዙ ነው። እባካችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ክዳኑ ሥር ከገባች አይዘጋም፤ ርካሹ ደግሞ ላስቲኩ በጥቂት ወራት ይደርቃል። ፈትቼ ያየኋቸው ቫልቮች ውስጥ ጨርሶ የማይዘጉት ከሚዘጉት ይበልጣሉ።

ቀጥሎ መስመሩ። ይህን ሳያደርግ ሳምፕ ሠራሁ የሚል ሰው አልጨረሰም። ፓምፑን አጥፉ፤ የሚወርደው ሁሉ ይውረድ። ከዚያ ሳምፑን ከጠርዙ 3 ሳ.ሜ. እስኪቀረው ድረስ ሙሉት። ፓምፑን አስነሱ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። በፓምፑ ክፍል ውስጥ ውሃው በረጋበት ላይ በማይለቅ ቀለም አስምሩ። ከመስመሩ በላይ አንድ ጆግ ውሃ አይጨመርም። ኮምቦልቻ አንድ ቡና ቤት ይህን ሁሉ አስተካክዬ ሄድኩ፤ በወሩ እንደገና ጠሩኝ። ከደሴ ይልቅ ሞቃት ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተናል፤ ጠዋት የሚገባው ሠራተኛ ጎደለ ብሎ ይሞላል፣ ከሰዓት የሚገባውም ይሞላል። መስመሩን ከማንም የተሻለ ማወቅ ያለበት ውሃ የሚጨምረው ሰው ነው።

ዲቫይደሩን ከሳምፑ ሥር ወለል ላይ አታስቀምጡ። ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ገመዱም ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ይንጠልጠል፣ ውሃው እዚያ እንዲንጠባጠብ። ወለሉ ረጥቦ ካገኛችሁት ሶኬት አትንኩ፤ መጀመሪያ ከቆጣሪው አጥፉ። ይህን ሁለቴ ማለት ካለብኝ እላለሁ፦ እግራችሁ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሶኬት አትንቀሉ።

ምልክት፦ መብራት ሲመለስ የላይኛው ገንዳ ይፈሳል

ይህ መስታወቱን ሳይበሱ ውሃውን በታጠፈ ቱቦ ከጠርዝ በላይ አሻግረው ለሚያወርዱት ነው። የታጠፈው አናት ላይ አየር ይጠራቀማል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፓምፑ ይገፋል፣ ቱቦው ግን አይስብም፤ ሳምፑ ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ ላይ ይወጣና በጠርዝ ይፈሳል። ሙጋድ አንድ ቤት ይህ የሆነው ማንም ሳይኖር ነው፤ ፓምፑም ደርቆ ሲሽከረከር ተቃጠለ።

ትክክለኛው መንገድ መስታወቱን መብሳት ነው። ገንዳው ውሃ ሳይገባበት፣ በአልማዝ መብሻ፣ ውሃ እያጠጡ፣ ሳይጫኑ። ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት ከሆነ ፈጽሞ አትብሱት፤ ያን ጊዜውኑ ይበተናል። መብሳት ካልተቻለ የፓምፑን ክፍል አጥብቡት፦ ላይ ከውሃው እስከ ጠርዙ 3 ሳ.ሜ. ካላችሁ 12 ሊትር ነው፤ ፓምፑ ሊስበው የሚችለው ውሃ ከ10 ሊትር አይብለጥ። ፓምፑ ሊቃጠል ይችላል፤ ቤቱ ግን አይጥለቀለቅም።

ሌሎቹ በአጭሩ

ገንዳው ውስጥ ደቃቅ የአየር አረፋ ከታየ፣ በመውረጃውና በፓምፑ መካከል ያሉትን የመስታወት ክፍልፋዮች ጨምሩ፤ ውሃው በታች አልፎ በላይ ይሻገር። መውረጃው ቱቦ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ካሰማ አናቱ ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ ይፈልጋል። ማጣሪያው በታጠበ ማግስት ውሃው ከደፈረሰና ዓሦቹ ከታመሙ፣ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ አጥባችሁታል፤ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ብቻ እጠቡት። ሲሊኮን ስትገዙ ሻጋታ ይከላከላል የተባለውን የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ተዉት፤ ዓሣ ይገድላል።

ማሞቂያውን በፓምፑ ክፍል አታድርጉት። ውሃው ሲጎድል ይራቆታል፣ ግሎ ይሰነጠቃል። ከፍታው በማይለዋወጠው ክፍል ይቀመጥ።

ምልክት፦ መብራት በጠፋ በሰዓታት ውስጥ ዓሦቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባህር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ በአንድ ዓይነት ሙቀት ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ዓሣ ያበዛ ሰው እዚህ ቶሎ ይቸገራል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ግዙ። ከሌላችሁ በጆግ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፤ በየአሥር ደቂቃው ሃያ ጊዜ ያህል። በዚያ ሰዓት ምግብ አትስጡ። ሌሊት ከሆነ ደግሞ የገንዳውን አራት ጎን በጋቢ ሸፍኑት፣ ላዩን ግን ለአየር ክፍት ተዉት።