«ቆይ፣ እናነሳዋለን»፦ በፈንጂ ቁጥጥርና አያያዝ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ፈንጂ ቁጥጥር ሲወራ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሌባ ወይም አሸባሪ ነው። እሱም አለ። ግን ታላላቆቹን የመጋዘንና የወደብ ፍንዳታዎች አንድ በአንድ ብታገላብጡ፣ ደጋግማችሁ የምታገኙት ደህና ሰው ነው። ደብዳቤ ጽፎ መልስ የሚጠብቅ። ሳይቆጥር የፈረመ። «ቆይ፣ እናነሳዋለን» ብሎ ወደ ሌላ ሥራው የሄደ። ከታች ያሉት ስህተቶች የፈቃድ ሰጪው፣ የተቆጣጣሪውና የመጋዘን ኃላፊው ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ማዳበሪያ እኮ ነው» ማለት

አሞኒየም ናይትሬት ሁለት ቤት ያለው ነገር ነው። እርሻ ላይ ማዳበሪያ ነው። የድንጋይ ካባና ማዕድን ማውጫ ላይ ደግሞ የፈንጂ ግብዓት ነው። ጆንያው ቢከፈት ነጭ ጥራጥሬ ነው፣ ማንንም አያስፈራም። ሰውን የሚያዘናጋውም ይሄው ነው።

በ1921 ኦፓው በምትባል የጀርመን ከተማ፣ ፋብሪካ ውስጥ የተከመረ ማዳበሪያ ጠጥሮ አልላቀቅ አለ። ሠራተኞቹ እንደ ልማዳቸው በድማሚት ሊያላቅቁት ሞከሩ። አዎ፣ እንደ ልማዳቸው። ከዚያ በፊት ለሺህ ጊዜያት አድርገውት ምንም አልሆኑም ነበር። የዚያን ቀን ግን ከ500 በላይ ሰው ሞተ። «እስከ ዛሬ ምን ሆነ?» የሚል ኃላፊ ሲያጋጥማችሁ ኦፓውን ንገሩት።

በአውሮፓ ኅብረት ከ2021 ጀምሮ የሚሠራ ደንብ አለ። የናይትሮጅን መጠኑ 16 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አሞኒየም ናይትሬት ለተራ ሸማች እንደ ልብ አይሸጥም። አጠራጣሪ ግዢ ያየ ነጋዴ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ይህ ሁለተኛው ክፍል ደስ ይለኛል። ባንኮኒው ጀርባ የቆመ ሻጭ ከየትኛውም ተቆጣጣሪ ቀድሞ ያያል። ገዢው እርሻ ከሌለውና ስለ ሰብሉ ሲጠየቅ የሚንተባተብ ከሆነ፣ ሻጩ ያውቀዋል።

ወርሶ መርሳት

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው።

በ2013 መጨረሻ ላይ ከጆርጂያ ወደ ሞዛምቢክ የሚሄድ መርከብ ቤይሩት ወደብ ገባና እዚያው ቀረ። የጫነው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነበር። በ2014 ጭነቱ ተራግፎ 12 ቁጥር መጋዘን ገባ። የጉምሩክ ሰዎች ለዳኛ ጻፉ፦ ወይ ወደ ውጭ ይላክ፣ ወይ ለጦሩ ይሰጥ፣ ወይ ለፈንጂ ድርጅት ይሸጥ። መልስ የለም። ደግመው ጻፉ። እስከ 2017 ድረስ እንዲሁ ሲጽፉ ኖሩ። ደብዳቤው ይዞራል፣ ጆንያው እዚያው ነው። ኦገስት 4 ቀን 2020 መጋዘኑ መጀመሪያ ጨሰ፣ ከዚያ ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። 300,000 ገደማ ሰው ቤቱ ፈረሰበት ወይም የማይኖርበት ሆነ።

ቆጵሮስ ላይ ከዚያ 9 ዓመት ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በ2009 ከአንድ መርከብ የተያዘ 98 ኮንቴይነር ባሩድና ተተኳሽ ባሕር ኃይል ሰፈር ውስጥ ሜዳ ላይ ተደረደረ። ክረምት ከበጋ እዚያው። በ2011 ጁላይ መጀመሪያ ላይ አንዱ ኮንቴይነር ተነፍቶ ታየ። ስለ እሱም ተሰብስበው ተነጋገሩ። ጁላይ 11 ላይ ፈነዳ። 13 ሰው ሞተ። አጠገቡ የነበረውና ከደሴቲቱ ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉን የሚያመነጨው ጣቢያም ከጥቅም ውጭ ሆነ።

ሁለቱም ቦታ ላይ ያላወቀ አልነበረም። ያልነበረው የተረከበ ሰው ነው። ስለዚህ የሚወረስ ፈንጂ ወይም ኬሚካል ካለ፣ መውረሻው ወረቀት ላይ ማን እንደሚረከብ፣ የት እንደሚያድርና በስንት ቀን እንደሚወገድ ይጻፍ። ተረካቢው በስም ይጠቀስ። «የሚመለከተው ክፍል ይከታተል» የሚል ነገር ካያችሁ፣ ማንም እንዳልተረከበ ቁጠሩት።

ርቀትን አንዴ ለክቶ መተው

በ1864 ስቶክሆልም ውስጥ የአልፍሬድ ኖቤል መሥሪያ ቦታ ፈንድቶ ታናሽ ወንድሙን ኤሚልን ጨምሮ ሰዎችን ገደለ። ከዚያ በኋላ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ተከለከለ። ኖቤልም ጀልባ ላይ ሆኖ ሐይቅ ውስጥ መሥራት ጀመረ። ፈንጂ ከሰው ይራቅ የሚለው ሐሳብ እንግዲህ አዲስ አይደለም።

ችግሩ ከተማ አለመቆሙ ነው። ኔዘርላንድስ፣ ኤንስኼዴ ውስጥ የነበረው የርችት መጋዘን በ1970ዎቹ ሲሠራ ከከተማው ወጣ ያለ ነበር። ከዚያ ቤቶች መጥተው ከበቡት። መጋዘኑ አልተንቀሳቀሰም፣ ፈቃዱም አልተሰረዘም። በ2000 ሲፈነዳ 23 ሰው ሞተ፣ 400 ያህል ቤት ወደመ። ውስጡ ፈቃዱ ከሚለው በላይ ኃይለኛ ርችት ነበር።

ፈቃድ በታደሰ ቁጥር ርቀቱ እንደገና ይለካ። ከዚያ በላይ ደግሞ መጋዘን ፈቃጁና የቤት ግንባታ ፈቃጁ ይነጋገሩ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ የሌላውን ካርታ አይቶት አያውቅም።

ሁሉንም በአንድ ጣራ ሥር ማድረግ

በተባበሩት መንግሥታት አመዳደብ ፈንጂ ክፍል 1 ነው። ከ1.1 እስከ 1.6 ይከፋፈላል። 1.1 በአንዴ፣ በጅምላ የሚፈነዳው ነው። ከቁጥሩ ቀጥላ የምትመጣዋ ፊደል ዕቃው ከማን ጋር መቀመጥ እንደሚችል ትናገራለች። ዲቶኔተር፣ ማለትም ዋናውን ፈንጂ የሚያስነሳው ትንሹ ፈንጂ፣ ከድማሚት ጋር አያድርም። ቦታ ጠበበ ተብሎ የሚጣስ ሕግ አይደለም።

ሳይቆጥሩ መፈረም

መጋዘን ስትፈትሹ መጀመሪያ መዝገቡን ውሰዱ፣ ግን ቶሎ ቁጥሩን አትደምሩ። ፊርማዎቹን እዩ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ግፊት፣ ቀጥ ብለው የተሰለፉ ከሆነ ያ መዝገብ ቅዳሜ ማታ ቁጭ ተብሎ የተሞላ ነው። የምር የሚሠራበት መዝገብ ይቆሽሻል። አንዱ ቀን ሰማያዊ፣ አንዱ ጥቁር ነው። አቧራ የነካው ጣት ዳሩ ላይ አሻራ ትቷል። የተሰረዘ ቁጥር አለ፣ አጠገቡም አጭር ፊርማ። ንጹሕ መዝገብ ያጠራጥረኛል።

ከዚያ አንድ ቀን ምረጡና ተከታተሉት። ጠዋት 40 ዲቶኔተር ወጣ እንበል። 37ቱ ተተኮሱ። ሦስቱስ? ማታውኑ ተመልሰው መመዝገብ ነበረባቸው። «ነገ ያስፈልጉናል» ተብለው መኪናው ጋቢና ውስጥ ካደሩ፣ ወረቀት ላይ ያሉ፣ መሬት ላይ ግን ማንም የማይጠብቃቸው ሦስት ዲቶኔተሮች አሉ ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱን ሕፃን ልጅ ሊያገኘው ይችላል።

በአሜሪካ ደንብ የፈንጂ ማከማቻ ቢያንስ በየ7 ቀኑ መታየት አለበት። ሰባት ቀን ረጅም ነው የሚል ካለ አልከራከረውም።

«ጠፋ» ያለውን መጀመሪያ መቅጣት

እዚያው አሜሪካ ፈንጂ መጥፋቱ ወይም መሰረቁ ከታወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ሪፖርት መደረግ አለበት። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ሪፖርት ያደረገው ስቶር ኪፐር በማግስቱ ከታሰረና ደብቆ የያዘው ጓደኛው ምንም ካልሆነ፣ ሌላ ጊዜ ማን ይናገራል? የጎደለውን ቁጥር በ«ተተኮሰ» ማወራረድ ቀላል ነው። ቅጣቱ ለደበቀው ይክበድ። ወዲያው ለተናገረው የሚቀል መሆኑም በግልጽ ይነገር፤ ሠራተኛው ካላወቀው ዋጋ የለውም።

ፈቃድ ማግኘት ወራት የሚፈጅ ከሆነም ያው ነው። ሥራ የቆመበት ሰው በጓሮ በር ይገዛል። ያኔ ተቆጣጣሪው የሚቆጥረው የሚያውቀውን ብቻ ይሆናል።

እሳት አደጋን ሳይነግሩ መጥራት

በ1947 ቴክሳስ ሲቲ ወደብ ላይ አንድ መርከብ ማዳበሪያ እንደጫነ ተቃጠለ። ጭነቱ በውኃ እንዳይበላሽ ተብሎ የመርከቡ ክፍል ተዘግቶ እንፋሎት ተለቀቀበት። ብርቱካናማ ጭስ ወጣ፣ ሕዝቡም ለማየት ተሰበሰበ። ሲፈነዳ ቢያንስ 581 ሰው ሞተ። ከከተማዋ 28 የእሳት አደጋ ሰዎች የተረፈው አንድ ብቻ ነው።

በ2015 ቻይና፣ ቲያንጂን ውስጥ ደግሞ ከሞቱት 173 ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነበሩ። መጀመሪያ የደረሱት መጋዘኑ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቁም ነበር።

የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ምን አለ፣ ስንት አለ፣ የቱ ጥግ ላይ ነው፣ ውኃ ይረጭበታል ወይስ ሁሉም ትቶ ይሽሽ። በየጊዜው ይታደስ፣ ቅጂው እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ይድረስ፣ ሌላው ቅጂ በር ላይ ጥበቃው ዘንድ ይሁን። ብዙ ቦታ ይህ ወረቀት አለ። ሲጠየቅ ግን የሚወጣው ከዚያው ከመጋዘኑ ውስጥ፣ ከተቆለፈ መሳቢያ ነው።