የናፍጣ ፒክአፕ ካታሊስት አቀያየር፦ ከምርመራው እስከ መጨረሻው ዳዶ

በናፍጣ ፒክአፕ ላይ ያለ ካታሊቲክ ኮንቨርተር (ባጭሩ ካታሊስት፣ የጭስ ማጽጃው) በዕድሜ ብቻ እምብዛም አይሞትም። አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ሌላ ብልሽት ነው፦ ናፍጣ የሚያንጠባጥብ ኖዝል (ናፍጣ ረጪ)፣ ዘይት የሚያሳልፍ ቱርቦ (ለሞተሩ አየር የሚገፋው)፣ ተከፍቶ የቀረ ኢጂአር (ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልስ ቫልቭ)፣ በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ። ገዳዩ ሳይታወቅ አዲስ ካታሊስት የገጠመ ሰው ገንዘቡን አቃጠለ ማለት ነው፤ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ እንደ አሮጌው ይደፈናል። ስለዚህ መፍቻ ከማንሳታችን በፊት ምርመራው ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

መጀመሪያ መኪናው ካታሊስት ያለው መሆኑን እዩ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ከቱርቦው መውጫ ጀምራችሁ ቱቦውን በእጅ ባትሪ እያበራችሁ እስከ ማርሚታው (ድምፅ ማፈኛው) ተከተሉት። ካታሊስት ከቱርቦው ሥር ወይም ከፊት ወንበሮቹ ወለል በታች የሚገኝ፣ ሆዱ የሰፋ፣ ብዙ ጊዜ በቆርቆሮ ከለላ የተሸፈነ ዕቃ ነው። ወደ አገራችን ከሚገቡት ፒክአፖች መካከል ከፋብሪካው ጀምሮ ካታሊስት የሌላቸው አሉ፤ የሌሎቹ ደግሞ ከዚህ በፊት ተቆርጦ በባዶ ቱቦ ተተክቷል። አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ከካታሊስቱ ጋር የጥላሸት ማጣሪያ፣ ማለትም ዲፒኤፍ፣ አብሮ ይኖራል። ከሆዱ ተነስተው ወደ ግፊት ሴንሰር የሚሄዱ ቀጫጭን ቱቦዎች ካያችሁ ዲፒኤፍ ነው። እሱ ሲቀየር በስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነበው መሣሪያ) አዲስ መሆኑ ለኮምፒውተሩ ካልተነገረ፣ ኮምፒውተሩ አሁንም የአሮጌውን አመድ እየቆጠረ ይቀጥላል።

ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ የተሞላ ሴራሚክ ነው፤ ቀዳዳዎቹ በፕላቲኒየምና በፓላዲየም ተለብጠዋል። ጭሱ በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ናፍጣ ይቃጠላሉ። ይህ የሚሆነው ግን ሙቀቱ ከ200 እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው። እዚህ ደሴ ከተማ ውስጥ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ እየተመላለሰ ብቻ የሚውል መኪና እዚያ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ይጠፋል፤ ጥላሸቱና እርጥብ ናፍጣው የሴራሚኩ ፊት ላይ ይጋገራል። በዚያ ላይ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦው ጤነኛ ከሆነ ጉድለቱን ይሞላል። ከደከመ ግን አየር ያጥራል፣ ጥላሸት ይበዛል፣ ዋጋውን የሚከፍለው ካታሊስቱ ነው።

መደፈኑን ማረጋገጥ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደው የሐረጎ ዳገት ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። የተደፈነ ካታሊስት ያለው ፒክአፕ ሜዳ ላይ ደህና ይሄድና ዳገቱ ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ይታፈናል፤ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ2,500 አካባቢ አልወጣም ይላል፣ ከወለሉ ሥር ያልተለመደ ሙቀት ይሰማል። ይሁን እንጂ የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የተቀደደ የኢንተርኩለር (የቱርቦውን አየር የሚያበርደው) ጎማና የተደፈነ የናፍጣ ፊልትሮም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። እነዚህ በርካሽ ስለሚታዩ ቀድማችሁ እነሱን ጨርሱ።

ከዚያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የካታሊስቱን ሆድ በጎማ መዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። ከውስጥ የሚንኳኳ ነገር ካለ ሴራሚኩ ተሰብሯል፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ድምፅ ከሌለው ከካታሊስቱ በፊት ያለውን ሴንሰር ፈታችሁ በቀዳዳው የግፊት ጌጅ ግጠሙ። መኪናው ቆሞ በ3,000 ዙር ላይ ጌጁ ከ0.1 ባር በታች ቢያነብ መንገዱ ክፍት ነው፤ 0.2 ባርን ካለፈ የተዘጋ ነገር አለ። ቁጥሩ ከሞተር ሞተር ትንሽ ይለያያል፣ ስለዚህ የመኪናው መመሪያ የራሱ ቁጥር ካለው እሱን ተከተሉ። የሴንሰር ቀዳዳ የሌለው ከሆነ ከካታሊስቱ በፊት ያለውን መጋጠሚያ ጥቂት ሚሊ አላልታችሁ አጭር ርቀት ንዱት። ይጮኻል፤ ጉልበቱ ከተመለሰ ግን መልሱን አገኛችሁ። ትኩሱ ጋዝ ሽቦና የፍሬን ቱቦ ላይ እንዳይነፍስ አስቀድማችሁ አቅጣጫውን አስተውሉ።

አንዳንዶች የመግቢያና የመውጫውን ሙቀት በሌዘር ቴርሞሜትር ለክተው ይፈርዳሉ። ናፍጣ ሞተር ቆሞ ሲዞር ጭሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ በዚያ ሰዓት የተለካው ምንም አይነግራችሁም።

ገዳዩን መፈለግ

የኖዝሎቹን የመመለሻ ቱቦ ነቅላችሁ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ተመሳሳይ ብልቃጥ ስጡትና ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አዙሩት። ከሌሎቹ አብልጦ የሞላው ብልቃጥ የተበላሸውን ኖዝል ያሳያችኋል። ቀጥሎ የቱርቦውን የአየር ማስገቢያ ጎማ ፍቱና ዘንጉን በጣት ነቅንቁት፦ ወደ ጎን ጥቂት መነቃነቁ ጤና ነው፣ ወደፊትና ወደኋላ ከሄደ ግን አልቆለታል። በጭስ መውጫው በኩል እርጥብ ዘይት ከታየ የቱርቦው መዝጊያ ዘይት እያሳለፈ ነው። ኢጂአሩን አውልቃችሁ አጽዱ፤ ተከፍቶ የቀረ ኢጂአር የጥላሸት ፋብሪካ ነው።

መንገዱም ራሱ ይገድላል። ኮረኮንች ላይ የሚፈናጠር ድንጋይ የካታሊስቱን ሆድ ይጨፈልቃል፣ ሴራሚኩም አብሮ ይሰነጠቃል። ክረምት ላይ ዳገት ወጥቶ የጋለ ካታሊስት በቀጥታ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ወንዙን ከመሻገራችሁ በፊት ሞተሩን ቆም አድርጋችሁ ማብረድ ያዋጣል።

ዕቃውን መግዛት

ከሁሉ በላይ የናፍጣ ካታሊስት መሆኑን ጠይቁ። የቤንዚን ካታሊስት የሚሠራው አየርና ነዳጅ በትክክል ሲመጣጠኑ ነው፤ የናፍጣ ጭስ ደግሞ ሁልጊዜ ትርፍ ኦክሲጅን አለው። ቱቦው ስለገጠመ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። ከዚህ ከደሴም ግዙት፣ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራም አስመጡት፣ የሞተሩን ኮድ፣ የቱቦውን የውጭ ዲያሜትር፣ ከፍላንጅ እስከ ፍላንጅ (ብሎን የሚገባባቸው የመጋጠሚያ ጠፍጣፋ አፎች) ያለውን ርዝመትና የሴንሰር ቀዳዳዎቹን ብዛት ጽፋችሁ ላኩ። የፍላንጁን ቅርጽ ካርቶን ላይ አኑራችሁ ዙሪያውንና ቀዳዳዎቹን በእርሳስ ብታወጡት ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል።

ያገለገለ ከሆነ ነቅንቁት፣ ከዚያ በአንድ ጫፍ መብራት አብርታችሁ በሌላው እዩ። ቀዳዳዎቹ እኩል ብርሃን ማሳለፍ አለባቸው። ቀልጦ የተንጣለለ ወይም ጥግ ላይ የጎደለ ሴራሚክ አይገዛም።

ከእሱ ጋር አብረው የሚገዙት፦ ለእያንዳንዱ መጋጠሚያ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያ (ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት)፣ ሙቀት የሚችሉ አዳዲስ ዳዶዎች፣ ሞላ ያላቸው ብሎኖች ካሉ ሞላዎቹ፣ የተሰነጠቁ የማንጠልጠያ ጎማዎች። አሮጌ ጓርኒሲዮን መልሶ መግጠም የሥራውን ግማሽ ማፍረስ ነው።

መፍታት

ዝገት ማላቀቂያውን ማታ ረጩት፣ ጠዋት ድገሙት። የጭስ ማውጫ ብሎን በትዕግሥት እንጂ በጉልበት አይፈታም። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ ጎማዎቹ ሥር ታኮ አድርጉ፣ በክሪክ አንስታችሁ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ አሳርፉት። ክሪክ ላይ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ሞተሩ ከጠፋ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቆይ፤ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል።

ከሴንሰሮቹ ጀምሩ። መጀመሪያ ሶኬታቸውን ንቀሉ፤ ሽቦው ከሴንሰሩ ጋር አብሮ ከተጠማዘዘ ውስጡ ይበጠሳል። የሙቀት ሴንሰር ብዙ ጊዜ በ17፣ የኦክሲጅን ሴንሰር በ22 ቁልፍ ይፈታል፣ ሽቦው እንዲያልፍ ጎኑ የተሰነጠቀ ቡሶላ ካላችሁ ይቀላል። ቀጥሎ የቆርቆሮ ከለላውን አውልቁ። ብሎኖቹን አትጣሉ፣ ከለላው ተመልሶ መግባት አለበት።

አሁን ካታሊስቱን ከሥር በእንጨትና በሁለተኛ ክሪክ ደግፉ። ከኋላ ያለውን መጋጠሚያ አስቀድማችሁ፣ የቱርቦውን በኩል በመጨረሻ ፍቱ። ፍሌክሲብሉ (በሽቦ የተጠለፈው ተጣጣፊ ቱቦ) ክብደት ይዞ እንዳይንጠለጠል ተጠንቀቁ፣ ከታጠፈ ሽቦው ይተረተራል። ዳዶው አልነቃነቅ ካለ መጀመሪያ ትንሽ አጥብቁት፣ ዝገቱ ሲሰበር "ጢቅ" የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ወደኋላ መልሱት። ያም ካልሆነ ዳዶውን ብቻ በነበልባል አግሉት፤ የናፍጣና የፍሬን ቱቦ ቅርብ ከሆነ ግን ነበልባሉን ትታችሁ ዳዶውን በመሮ ሰንጥቁት።

ብሎኑ ቢሰበርም አብሽሩ። የተሰበረውን ፊት በሞረድ አስተካክሉ፣ መሐሉን በፑንቶ (በሹል ብረት) ምልክት አድርጉ፣ በትንሽ መሰርሰሪያ ጀምራችሁ አስፉት። ባለ 8 ሚሊ ብሎን በ1.25 ጥርስ ከሆነ የመጨረሻው መሰርሰሪያ 6.8 ሚሊ ነው፤ ከዚያ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል። ባለ 10ሮቹ የጃፓን መኪኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጥርሳቸው 1.25 ነው፣ ገበያ ላይ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ 1.5 ነው፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ሁለት ዙር ያህል ገብተው ይነክሳሉ። አዲስ ዳዶ በጣት ብቻ እስከ ታች ካልገባ አታስገድዱት።

ቱቦው እንደወጣ የቱርቦውን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ። አንዲት የዝገት ቅርፊት የምታደርሰው ጉዳት ከካታሊስቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

መግጠም

የፍላንጆቹን ፊት በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ አጽዱ፣ ቀጥ ያለ ብረት አስተኝታችሁ መጣመሙን እዩ። ካታሊስቱ ላይ ያለው ቀስት ወደ ማርሚታው ማመልከት አለበት። ሁሉንም ዳዶ በጣት አስገቡ፣ የማንጠልጠያ ጎማዎቹን በሳሙና ውሃ አንሸራታችሁ ስቀሉት፣ ቱቦው ከሻንሲውም ከወለሉም ሳይነካ መስመሩን ከያዘ በኋላ ብቻ ከቱርቦው ጀምራችሁ ወደኋላ አጥብቁ። ባለ 8 ብሎን ከ20 እስከ 25፣ ባለ 10 ከ40 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፤ እዚህም የመኪናው መመሪያ ይቀድማል። እያፈራረቃችሁ በሁለት ዙር አጥብቁ። አንዱን ጎን መጀመሪያ የጨረሰ ሰው ጓርኒሲዮኑን በሌላው ጎን ከፍቶታል። የሴንሰሩ ጥርስ ላይ ሙቀት የሚችል ፀረ ዝገት ቅባት ቀቡ፣ ጫፉን አታስነኩ።

ብየዳ የግድ ከሆነ ቦታው ላይ ነካ ነካ አድርጋችሁ ያዙት፣ ከዚያ አውርዳችሁ ጨርሱት፤ 2.5 ሚሊ ዘንግ ከ60 እስከ 80 አምፔር ለዚህ ቱቦ ይበቃል። ለነካ ነካውም ቢሆን ሁለቱም የባትሪ ጫፎች ይነቀሉ፣ የማሽኑ ኔጋቲቭ ከብየዳው አጠገብ ይታሰር። ኔጋቲቩን ሻንሲ ላይ ሩቅ አስሮ መበየድ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ካታሊስቱንም ከፋብሪካው ቦታ ወደኋላ አታርቁት፣ ሙቀት ያጣል።

የቆርቆሮ ከለላውን ነገር በቸልታ የሚያልፉ ጋራዦች ብዙ ናቸው። በቆቦና በሐርቡ ሜዳ፣ በመኸር ወቅት ፒክአፕ አውድማ ድረስ ገብቶ እህል ይጭናል። የደረቀ ገለባ ከለላ በሌለው ትኩስ ካታሊስት ላይ ሲጠመጠም መኪናውም ክምሩም አብረው ይነድዳሉ። የሾፌሩ ልማድ ገለባ ላይ ሞተር እያዞረ መቆም ከሆነም ይነገረው።

ካስነሱት በኋላ

ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ አስነሱት፣ ጓንት አድርጋችሁ የጭስ ማውጫውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰኮንድ ደፍናችሁ ያዙ፣ ሌላ ሰው መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ይርጭ። አረፋ ወይም አየር የሚያፈተልክ ድምፅ ካለ እዚያው ይስተካከል። መጀመሪያ ሲግል ከሆዱ ትንሽ ጭስና የተቃጠለ ሽታ ይወጣል፤ በውስጡ ያለው መጠቅለያ እየተቃጠለ ስለሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጠፋል። የስህተት ኮዱን በስካነር አጥፉ፣ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ በሐረጎ ተመለሱ። ሲቀዘቅዝ ዳዶዎቹን እንደገና ፈትሹ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ አንዴ ድገሙት። መጋጠሚያ ላይ ጥቁር ጥላሸት ከተሳለ እዚያ ያፈተልካል።

አሮጌውን በመዶሻ አትፈርክሱት። የሴራሚኩ አቧራና የመጠቅለያው ክር ለሳንባ አደገኛ ናቸው። ሰባብሮ ባዶውን ሆድ መልሶ መግጠምም አይረባም፦ ጭሱና ሽታው ይብሳል፣ የሙቀት ሴንሰር ያለው ሞተር ደግሞ መብራቱን አብርቶ ጉልበት ይቀንሳል። ቤንዚን ወይም ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፎ ለማጽዳት መሞከርም እሳት መጥራት ነው። በውስጡ ያለው ፕላቲኒየም ዋጋ ስላለው ሁለቱን ጫፍ በላስቲክ አስራችሁ እንዳለ ለባለ መኪናው ስጡት፣ የሚሸጥበትን ይወስን።