የተጎዳ ነርቭ እያገገመ ሲጋራን እንዴት ማቆም ይቻላል

መስታወት የእጅ አንጓው ላይ ቆርጦት ነርቩ የተሰፋለት ሰው ሐኪሙን ደጋግሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ "ጣቴ መቼ ነው የሚሰማኝ?" መልሱ ትዕግስት ይፈታተናል። የተሰፋ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። እድገቱን ለመጀመርም ጥቂት ሳምንታት ይፈጅበታል። ከአንጓዎ እስከ ጣትዎ ጫፍ በማስመሪያ ይለኩና ያስሉት፤ ግማሽ ዓመት ገደማ ይመጣል።

ያን ሁሉ ጊዜ ነርቩ የሚመገበው እንደ ክር ከቀጠኑ የደም ስሮች ነው። ሲጋራ ውስጥ ያለው ኒኮቲን እነዚህን ስሮች ያጠባል። ከጭሱ ጋር የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ሲጋራ በተለኮሰ ቁጥር ወደ ነርቩ የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ የደረሰውም ኦክስጅን ያጥረዋል። የነርቭ ቫይታሚን መርፌ ተወግቶ ሲያበቃ ክሊኒኩ በር ላይ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ሳይ ለገንዘቡ አዝናለሁ።

1. ሲጋራውን ከደነዘዘው እጅ ያውጡ

ለማቆም ገና ባይወስኑም ይህን ዛሬውኑ ያድርጉ። አንጓ መሃል የሚያልፈው ነርቭ ሲቆረጥ የሚደነዝዙት አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ናቸው። ሲጋራ የሚያዘውም በእነሱ ነው። ፍሙ ቆዳ ላይ ሲደርስ ጣት አይነግርዎትም፤ ቀድሞ የሚያውቀው አፍንጫ ነው። የደነዘዘ ቆዳ ላይ የወጣ ቃጠሎ ደግሞ ቶሎ አይድንም። ለሺሻ ከሰልም፣ ለትኩስ ሲኒም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

2. ለሐኪሙ እውነቱን ይንገሩ

በቀን ስንት ፍሬ እንደሚያጨሱ፣ ሺሻ፣ ጋያ ወይም ሱረት ካለም ሳያፍሩ ይናገሩ። ሲጋራ ለማቆም የሚረዱት የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር ጭስም ካርቦን ሞኖክሳይድም የላቸውም፤ ኒኮቲኑ ግን ያው ስር ያጠባል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪም ሳያውቅ አይጀምሩ። ለዚሁ የሚታዘዙት ቫረኒክሊንና ቡፕሮፒዮን የሚባሉት መድኃኒቶች ኒኮቲን የላቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። በየፋርማሲው ላያገኟቸው ይችላሉ፤ ያለ ሐኪም ትዕዛዝም አይወሰዱም። አደጋው ጭንቅላትዎንም ከነካ ወይም የሚጥል በሽታ ካለብዎ ይህን ሳይናገሩ ቡፕሮፒዮን እንዳይወስዱ። "ሲጋራ ትቼ ሺሻ ብቻ" የሚባለው ነገር አይሠራም። የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ብዙ ነው።

3. ቀን ይቁረጡ

በዚህ ሳምንት ውስጥ ይሁን። ላይተሩንና መተርኮሻውን ከቤት ያውጡ። ፓኮ መጣል ብቻውን ግን ብዙ አይጠቅምም፤ እኛ ሰፈር ሲጋራ በፍሬ ነው የሚገዛው። ፍሬ የሚገዙበትን ሱቅ አልፈው የሚሄዱ ከሆነ መንገድዎን ይቀይሩ። ባለሱቁን "እንዳትሸጥልኝ" ማለትም ይቻላል፤ ወዳጅ ከሆነ እምቢ ይልዎታል።

4. ቡናውን ይቀንሱ

ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የትምባሆ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ጭሱ ሲቆም ያው የለመዱት ቡና ሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ከዚያ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰውየውም "ሲጋራ ማቆሙ ነው የጎዳኝ" ብሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ለጥቂት ሳምንታት በአቦል ይብቃዎት፤ ቶናና በረካው ይቆይ። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ደግሞ እሱን ይዞ ሲጋራ ማቆም በጣም ከባድ ነው። ጫቱ ራሱም የደም ስር ያጠባል።

5. አምሮቱንና ንዝረቱን ለይተው ይወቁ

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይከብዳሉ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነገሩ ይረግባል። አንዱ አምሮት ሲመጣ ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ውሃ ይጠጡ፣ ከተቀመጡበት ይነሱ። ፊዚዮቴራፒስቱ እንዲሠሩ የፈቀደልዎ እንቅስቃሴ ካለ ያኔ ይሥሩት። ሳይፈቀድ ግን እጅዎ የታሰረበትን መደገፊያ አውልቀው አንጓዎን አይዘርጉ፤ ስፌቱ ሊበጠስ ይችላል።

ንዝረቱ ሌላ ነው። የሚያድግ ነርቭ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስላል፣ አንዳንዴም ኤሌክትሪክ እንደያዘው ይነዝራል። ብዙዎች ይህን ለማስታገስ ነው ሲጋራ የሚለኩሱት። ስሜቱ ብዙ ጊዜ ግን ጥሩ ምልክት ነው። ሐኪሙ የነርቩን መስመር በጣቱ መታ መታ ሲያደርግ ንዝረቱ የሚነሳበት ቦታ በየቀጠሮው ወደ ጣት ጫፍ እየቀረበ ከሄደ ነርቩ እያደገ ነው። ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳዎ ይንገሩት። እንደ ጋባፔንቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉ ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙ መድኃኒቶች አሉ።

ተሳስተው አንድ ፍሬ ቢያጨሱ ሁለተኛውን አይግዙ፤ ቆጠራውም ከዜሮ አይጀምርም። ቁስሉ ከቀላ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም ሲንቀሳቀስ የነበረ ጣት በድንገት እምቢ ካለ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪሙ ይሂዱ።