የጎረቤት ግንብ ግቢዬ ሲገባ ምን አደረግሁ?

አዲስ አበባ ነው። ጎረቤቴ ያለ ፈቃድ ሰርቪስ ቤት ሲጀምር የቆርቆሮ አጥሬን ገፍቶ መሠረቱን 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ እኔ አስገባው።

መጀመሪያ ሽማግሌ ላክሁ። ቡና ተጠጣ፣ «እናቆማለን» ተባለ፤ በማግስቱ ሦስት ረድፍ ብሎኬት ተጨመረ። በሜትር እንለካ አልን፤ ግን ከየት ተነስተን? እሱ ከባሕር ዛፉ፣ እኔ ከበሩ ቋሚ። ቀጥሎ የይዞታ ካርታዬን የኤክስና የዋይ ቁጥሮች (የግቢዬ ማዕዘኖች ያሉበትን ቦታ የሚያሳዩትን) ስልኬ ላይ አስገባሁ፤ ቤቴን ከአስፋልቱ ማዶ ወሰደው። ሁለት ቀን ሙሉ «ካርታው ተሳስቷል» ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ለካ የካርታዬ ቁጥር በአዲንዳን፣ ማለትም በቆየው የካርታ መነሻ ልኬት ነው፤ ስልኩ ደግሞ የሚሠራው ጂፒኤስ በሚጠቀምበት በሌላው መነሻ ልኬት፣ በደብልዩጂኤስ 84። ልዩነታቸው እዚህ ከ200 ሜትር ያልፋል። ቢስተካከልም ስልክ በሜትሮች ስለሚስት ለ60 ሳንቲ አይረባም።

ውጤት ያመጣው ይኸው፦ በቃል አቤት ማለቱን ትቼ ማመልከቻ ጻፍሁ፤ የካርታውን ኮፒና ቀን ያለባቸውን ፎቶዎች አያይዤ ለወረዳው ግንባታ ፈቃድ ክፍል አስገባሁ፤ የመዝገብ ቁጥር ተቀበልሁ። የጠየቅሁት ሁለት ነገር ብቻ፦ ግንባታው ይቁም፣ ወሰኑ በባለሙያ ይለካ። ሰርቬየሩ (የመሬት ቀያሹ) ቶታል ስቴሽን የሚባለውን የቅየሳ መሣሪያ ተክሎ ማዕዘኖቹ ላይ ችካል መታ። አንዱ ነጥብ የወጣው ጎረቤቴ ሲሚንቶ ከደረደረበት ሥር ነው፤ ከረጢቶቹን ራሱ አነሣ። ቆሞ ስላየም ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረመ፤ በሳምንቱ አፈረሰው።

እምቢ ቢል «ሁከት ይወገድልኝ» (በይዞታዬ ላይ የሚደረገው ጣልቃ ገብነት ይቁምልኝ) ብዬ ከእግድ ጥያቄ ጋር ፍርድ ቤት ልሄድ ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 ይህን ክስ ማቅረቢያ ጊዜው 2 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ።