ከጭነት መርከብ ወደ ምርምር መርከብ፦ አዲስ ቴክኒሻን ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ማሪታይም ተምሮ ባሕር ላይ የወጣ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው የጭነት መርከብ ነው። እዚያ ሥራው ግልጽ ነው፤ ሞተሩ አይቁም፣ ዕቃው ይድረስ። የውቅያኖስ ምርምር መርከብ ወደብ የሚመለሰው ግን ናሙናና ቁጥር ይዞ ነው። ሌላ መርከብ ላይ "ጎበዝ" የሚያስብል ሥራ እዚህ የሰው ጥናት ያበላሻል።

ሳይጠይቁ ፍሳሽ መልቀቅ። ጭነት መርከብ ላይ ደንቡን እስካከበራችሁ ድረስ የሚጠይቃችሁ የለም። እዚህ ግን የውሃ መቅጃ ጠርሙሶቹ በዚያው ጎን እየወረዱ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ብሪጅ (መርከቡ የሚመራበት ክፍል) ደውሉ። ውሃው ውስጥ ያለውን ብረት የሚለኩ ተመራማሪዎች ካሉማ ነገሩ ይብሳል። ከዳርቻ ርቆ የባሕሩ የላይኛው ውሃ ውስጥ ያለው የሟሟ ብረት ብዙ ጊዜ በሊትር ከ1 ናኖሞል በታች ነው፤ እጅግ ኢምንት ማለት ነው። መርከቡ ራሱ ደግሞ ብረት ነው! አንዲት የዝገት ቅንጣት ድካሙን ሁሉ ገደል ትከተዋለች። ጠርሙሶቹን በብረት ሳይሆን ኬቭላር በሚባል ሰው ሠራሽ ገመድ የሚያወርዱትም ለዚሁ ነው። እነሱ እየቀዱ አጠገባቸው ዝገት መፋቅ ጠብ መፈለግ ነው።

ኦሪንግን (ውሃ እንዳይገባ የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት) መናቅ። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በ1 አትሞስፌር ያህል ይጨምራል። 4000 ሜትር ላይ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር ወደ 400 ኪሎ ይጫናል ማለት ነው። ወደ ባሕር የሚወርደውን መሣሪያ ኤሌክትሮኒክስ ከዚያ ሁሉ የምትጠብቀው ይህች አንዲት ቀጭን ጎማ ናት። በካቻቢቴ ጫፍ ፈልቅቃችሁ ካወጣችኋት የምትቀመጥበትን ቦይ ትጭሩታላችሁ፤ ውሃም በጭረቱ ይገባል። በፕላስቲክ መፈልቀቂያ አውጧት። ቦዩን ክር በማይተው ጨርቅ ጥረጉ። ከዚያ ጎማዋን በሁለት ጣት መሃል ቀስ እያደረጋችሁ አሳልፉ፤ መብራት ስር አዟዙራችሁ እዩ። አንድ ዘለላ ጸጉር ከተገኘ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ግሪሱም ወዝ እስክታወጣ ብቻ ነው። ሲበዛ ቆሻሻ ይሰበስባል እንጂ ውሃ አያግድም።

ሲቲዲን በኮምፕሬሰር አየር ማድረቅ። ሲቲዲ የውሃውን ጨዋማነት፣ ሙቀትና ጥልቀት የሚለካው መሣሪያ ነው። የኮምፕሬሰር አየር ዘይት ስለሚይዝ የጨዋማነት መለኪያውን ቱቦ ይለብሰዋል፤ ንባቡም ይዛባል። ብሩሽም አታስገቡበት። በተጣራ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል። ዋልታ አካባቢ ከሆናችሁ ግን ውስጡ የቀረው ውሃ ሲጋገር ቱቦውን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ደጅ አታሳድሩት።

ገመድ ማመን። እ.ኤ.አ. በ1968 አልቪን የተባለችው የአሜሪካ የምርምር ባሕር ሰርጓጅ ወደ ውሃ ስትወርድ የብረት ገመዶቿ ተበጠሱ። ክዳኗ ክፍት ነበር። 3ቱ ሰዎች ለጥቂት ተረፉ፤ እሷ ግን 1500 ሜትር ያህል ሰጠመች። በዓመቱ ሲያወጧት ምሳቸው ሊበላ በሚችል ሁኔታ ተገኘ፤ ሳይንቲስቶቹ ጥልቅ ባሕር ውስጥ መበስበስ ለምን እንደሚዘገይ ማጥናት የጀመሩት ከዚያ ሳንድዊች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እናንተ ግን ዊንቹ (ገመዱን የሚጠቀልለውና የሚለቀው ማሽን) ሲሠራ ከገመዱ መስመር ውጡ። በተጠመዘዘው ገመድ መሃልማ በፍጹም አትቁሙ።

ሳይናገሩ መብራት ማጥፋት። ለጥገና ያወረዳችሁት ብሬከር −80 ዲግሪ ላይ የሚሠራውን የናሙና ፍሪዘር ሊያጠፋው ይችላል። እዚያ ውስጥ ያለው የአንድ ተማሪ ዶክትሬት ሊሆን ይችላል።

ስለ ኑሮው ብዙ አልልም። ሥራው 24 ሰዓት በፈረቃ ስለሆነ ቀን የሚተኛ ሰው ሁሌም አለ፤ በር አታጋጩ። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከማስመለስ በፊት እንጂ በኋላ ብዙ አይረዳም። ጿሚ ከሆናችሁ ደግሞ መርከቡ ወደብ ላይ እያለ ለወጥ ቤቱ ኃላፊ ንገሩ። ዓቢይ ጾም ባሕር መሃል ከገባባችሁ ምስርና ሽሮ የሚሸጥ ሱቅ አታገኙም፤ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ወተትና ሥጋ ነው።