«የሸምበቆ ነብር»ን አየሁ ከማለትዎ በፊት

በእንግሊዝ አገር «ሪድ ሌፐርድ» የሚሉት የእሳት ራት አለ። እኛ «የሸምበቆ ነብር» እንበለው። ዋና መኖሪያው የኖርፎክ ብሮድስ ረግረግ ነው። ኬምብሪጅሸር ባለው ቺፕንሃም ፌንና ዶርሴት ውስጥም ተገኝቷል። ብርቅ ነውና «አየሁት» ለማለት የማይቸኩል የለም።

የመጀመሪያው ስህተት ስሙን ማመን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ፍራግማቴሺያ ካስታኔ ይባላል። «ካስታኔ» የቼስትነትን ዛፍ ያስታውሳል፤ ትሉ ግን የሚያድገው ሸምበቆ አገዳ ውስጥ ነው።  «ዌይንስኮት» የሚባሉት፣ ሸምበቆ መሀል የሚገኙ ሌሎች የእሳት ራቶችም ዘመዶቹ አይደሉም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀለም ሲለይ ነው። ሸምበቆ መሀል የሚኖር የእሳት ራት ብዙው የደረቀ ሸምበቆ ይመስላል፤ ካልመሰለማ ወፍ ይለቅመዋል። በተለይ «ላርጅ ዌይንስኮት» የሚባለው ያምታታል፤ እሱም ትልቅ ነው፣ እሱም ገለባማ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወሩን ይዩ። የሸምበቆ ነብር የሚበረው ጁንና ጁላይ ላይ ነው፤ ላርጅ ዌይንስኮት ከኦገስት እስከ ኦክቶበር። ቀጥለው አንቴናውንና ሆዱን ይዩ። የወንዱ አንቴና እስከ ግማሹ ላባ ይመስላል፣ ከዚያ ክር ይሆናል። የሴቷ ሆድ ደግሞ ከክንፏ ጫፍ አልፎ ይወጣል። አንዴ ያያት አይረሳትም። ፎቶ ሲያነሱ ታዲያ ከላይ ብቻ አያንሱ፤ ጭንቅላቱንና ጎኑንም ይጨምሩ።

ግንድ ላይ ጣፋጭ ቀብተው ጠብቀው «አልመጣም፣ እዚህ የለም» ብለው የሚጽፉም አሉ። የሸምበቆ ነብር ክንፍ ካወጣ በኋላ ምግብ አያውቅም፤ የማይበላ እንግዳ በድግስ አይጠራም! በመብራት ነው የሚፈለገው። ወደ መብራት የሚመጣው ግን በአብዛኛው ወንዱ ስለሆነ ሴት አለመታየቷ ምንም አያረጋግጥም። ትሉን ፍለጋ ሸምበቆ መሰንጠቅማ ይቅር። አገዳው ውስጥ ሁለት የብርድ ወቅት ያሳለፈን ትል ለአንድ ፎቶ ብሎ መግደል ነው።

ቦታውን «ኖርፎክ» ብሎ መተው አይበቃም፤ ትክክለኛ ቦታውን የሚያሳየውን የካርታ ቁጥር ይጻፉ።

እኛ ሐበሾች ላይ የሚብሰው የቀን ነገር ነው። ማስታወሻዎ ላይ «ሰኔ 17፣ ማታ 4 ሰዓት» ብለው ይጽፋሉ። ያዩትን የሚያስመዘግቡበትን ቅጽ ሲሞሉ ሰኔን ጁን አድርገው 17 ጁን ይላሉ። ትክክለኛው ቀን ጁን 24፣ ሰዓቱም 22፡00 ነው። ሳምንት ሙሉ ተዛነፈ ማለት ነው። የመብራት ወጥመዱ ሌሊቱን ሙሉ ካደረ ደግሞ የሚመዘገበው የተተከለበት ማታ ቀን ነው፤ ጠዋት ከፍተው ያዩበት አይደለም።